የእቴቴ ኖራ

ባለፈው ሰኔ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና ገና እየተሠራ ባለ ፎቅ ሥር ተጠለልኩ። ሠራተኞቹ ውጭ የተዉት ኖራ እየረጠበ ነበር። የእርጥብ ኖራ ሽታ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም፤ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርጋል። ሰው ሁሉ ዝናቡን እያማረረ ሲቆም እኔ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ «ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። የአክስቴን ግድግዳ አስታውሼ ነው ብላት ይባስ ትሸሸኝ ነበር።

አክስቴ እታለማሁ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኛ እቴቴ ነው የምንላት። ባሏ የሞተ ጊዜ ብቻዋን እንዳትሆን ተብሎ እኔ ከጫግኒ ተላክሁላት። ሌላው ዘመድ ሐዘንተኛ ቤት በግ ይዞ ይሄዳል፤ የእኛ ቤት እኔን ላከ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወፍራም ሹራብ የሚባል ነገር ለብሼ አላውቅም።

የእቴቴ መንደር ወደ ጥርባ መሄጃ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ጉም ቀድሞን ይገባል። የመጀመሪያው ቀን ጭስ መስሎኝ «ቤቱ ተቃጠለ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ ውኃ ይዞ መጣ፤ ይኼ ታሪክ ለወራት ሲተረክብኝ ከረመ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ የሚያወሩት አገውኛ ነው። እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ስለዚህ አማርኛ በሰማሁ ቁጥር የሚወራው ስለ እኔ እየመሰለኝ ስቆጣ እውል ነበር።

ቤቱን እቴቴ ያሠራችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ሁለት መስኮት። የባሏ ዘመዶች ሴት ብቻዋን ቤት አታቆምም ብለው ነበርና እሷም በእልህ አቆመችው። ማሳዋ ቤቱን ከፊትና ከኋላ ይዞት ነው ያለው፤ ከፊት እስከ ወንዙ ይወርዳል፣ ከኋላ ደግሞ ጓሮ የምንለው ቁራጭ አለ። የሚያርሰው አያ ምናለ የሚባል ጎረቤት ነው። በእኩል ነበር የተስማሙት፤ በሬውና ጉልበቱ የእሱ፣ መሬቱ የእሷ፣ ገብሱ ለሁለት ይከፈላል። ችግሩ ለሁለት የሚከፈል ገብስ እየጠፋ መሄዱ ነው።

መጋቢት ላይ አያ ምናለ መጣና ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ሲያዞረው ቆየ።

«እታለማሁ፣ አትቀየሚኝ» አላት። «ዘንድሮን አርስልሻለሁ። ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ ግን ለከርሞ በሬዎቼን እዚህ አላደክምም። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደከረንስ ነዋ። ሰዉ ሁሉ እየተከለ አይደል? መሬቱን ለባለ ደከረንሱ ሰጥተሽ ጫግኒ ወንድምሽ ዘንድ ትገቢያለሽ።»

ደከረንስ ለከሰል የሚተከል፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ክፉ ዛፍ አይደለም፤ በከሰሉ ልጆቹን ያስተማረ ሰው በመንደሩ ሞልቷል። ግን ዛፍ የሚጠብቅ ሰው ዛፉ እስኪደርስ የሚበላው ያስፈልገዋል። እቴቴ ደግሞ ከዚያ ማሳ ሌላ የላትም። መሬቱን ሰጠች ማለት ያንን ቤት ዘግታ የወንድሟ ጓዳ ውስጥ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች ማለት ነው። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ ጫግኒ የምትለዋን ስሰማ ዘለልኩ። «ማንጎ እንበላለን!» አልኳት። እቴቴ ያን ቀን ራት አልበላችም፤ ማንጎ የማትወድ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው የግብርና ልማት ጣቢያዋ ሠራተኛ ሐና ወደ እኛ መመላለስ የጀመረችው። የዳንግላ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከእግሯ የሚበልጥ የላስቲክ ቦቲ የምታደርግ። ከማሳው አፈር በፌስታል ቋጥራ ወስዳ ነበርና ውጤቱን ልትነግረን መጣች።

«እትዬ፣ አፈርዎ ኮምጥጧል» አለቻት። «የአገራችን ዝናብ ብዙ ነው፤ ደጉን ነገር አጥቦ አጥቦ ወሰደው። ማዳበሪያ ቢጨምሩበትም ገብሱ ሊበላው አይችልም። እርስዎ ጨጓራዎ ሲያቃጥልዎ ከጤና ጣቢያ የሚሰጡዎት ነጭ ክኒን አለ አይደል?»

«አለ እንጂ። ያለሱ መች እተኛለሁ?»

«ለመሬቱም እንደዚያ ነው። ክኒኑ ኖራ ነው። የተፈጨ ኖራ ይበትኑበታል፣ ይታረሳል፣ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ወር ያህል ይቆያል። ከዚያ ይዘሩበታል።»

እቴቴ በጨጓራ ጉዳይ ባለሙያ ነበረችና ወዲያው ገባት። እኔ ግን ከማሳው ቆንጥሬ ቀመስኩ። ሎሚ የጠበቅሁት ነገር አፈር አፈር አለኝ፤ ስለዚህ ሐና ውሸታም ናት ብዬ ደመደምኩ።

መንደርተኛውም ከእኔ ብዙም አልተሻለም። ገበሬው ሁሉ «መጀመሪያ ሌላ ሰው ይሞክረው» አለ። ለትምህርት ቤታችን የጓሮ አትክልት የተሰጠው ኖራ የኳስ ሜዳው መስመር ሆነ፤ በዚያ ዓመት በአካባቢው እንደ እኛ ሜዳ ያማረ አልነበረም። እሺ ያለች እቴቴ ብቻ ናት። ኖራው በፈረስ ተጭኖ መጣና ጆንያዎቹ ከመደቡ ጎን ተደረደሩ። ሐና አመስግናት፣ እጇን ጨብጣት፣ «የፊት ለፊቱን ማሳ በሙሉ ያዳርሳል» ብላ ሄደች።

ጆንያዎቹ ግን ከተደረደሩበት አልተነሡም። እቴቴ ወጣ ትልና ማሳውን ታያለች፣ ገባ ትልና ጆንያውን ታያለች። ሚያዝያ እያለቀ ሲሄድ አንድ ማለዳ በርሜል ውስጥ ውኃ ሞላች፣ አንዱን ጆንያ ፈታች፣ የሣር መጥረጊያ አነሣችና ቤቱን መቀባት ጀመረች።

ግንቦት ልደታ የማኅበሩ ተራ የእሷ ነበር። አዲሱ ቤቷ የመጀመሪያውን ማኅበር ሊያይ ነው፤ የባሏም ዘመዶች ማኅበርተኛ ናቸው። ያ ኖራ ግን ለግድግዳ የሚሆን አልነበረም። ሲደርቅ ይረግፋል፤ የተደገፈው ሰው ጀርባው ነጭ ሆኖ ይነሣል። እቴቴ ደግሞ እልኸኛ ናት። አልይዝ ባላት ቁጥር ሌላ ደረበችበት። ትንሽ ጭቃ አደባልቃ ሞከረች፤ እንደገና ደረበች። የላይኛው ክፍል፣ ክዳኑ የሚከልለው፣ እንደ ቂጣ ወፈረ። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ደብተሬ ሳይቀር ነጭ ሆነ። ሦስቱ ግድግዳ አልቆ የጓሮው ሲቀር የመጨረሻው ጆንያ ባዶ ሆነ።

«ተይው» አለች እጇን እያራገፈች። «ጓሮውን ማን ያየዋል?»

የልደታ ዕለት ማኅበርተኛው ኮረብታውን ሲወጣ ገና ከሩቅ ቤቱ ያበራ ነበር። አዝማዱም ባዕዱም ቆም ብሎ አየ። ከባሏ አክስቶች አንዷ፣ ምንም ነገር አይጥማትም የምትባል ሴት፣ «ቤትስ ይኼ ነው» ብላ ገባች። እቴቴ ጠላውን ስትቀዳ፣ ንፍሮውን ስታዳርስ፣ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ እኔም እሷን አይቼ ደስ አለኝ፣ ጫግኒንም ረሳሁ።

ደስታው ግን አልከረመም። በሳምንቱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከፊት ለፊት መጣና ግድግዳውን ገረፈው። ነጩ እየተፈታ ወረደ፤ ከደጃፋችን ባለው ቦይ ገብቶ ወደ ማሳው ፈሰሰ። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ «ሄደ! ይኸው ሄደ!» ትላለች። ሲያባራ ከላይ ክዳኑ ሥር ያለው ብቻ ቀርቶ የታችኛው ግድግዳ ዥንጉርጉር ሆነ። በርሜሉ ውስጥ የቀረውን አተላ በንዴት አንሥታ እዚያው ቦይ ውስጥ ደፋችው።

ሐና የመጣችው በማግስቱ ነው። ጃንጥላዋን አጥፋ «እትዬ፣ ኖራው ተበተነ?» አለች ገና ከአጥሩ ውጭ ሆና።

እቴቴ ወደ ግድግዳው አገጯን ቀሰረች። «ይኸው። ቆሞ ያይሻል።»

ሐና አየች። ከዚያ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ውኃ በጣሳ ይዤላት ስሮጥ እየሳቀች ነበር፤ ውኃውን ስትቀበለኝ ግን ማልቀስ ጀመረች። የቱን እንደማምን ግራ ገባኝ።

«ይህን ኖራ ለማምጣት ወረዳ ስመላለስ ነው የከረምኩት» አለች። «ገበሬው ሁሉ እንቢ ሲለኝ እርስዎ ብቻ እሺ አሉኝ። አንድ ማሳ ቢያዩ ሰዎቹ ያምናሉ ብዬ ነበር። ካልፈለጉ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

እቴቴ ወደ ሐና ጠጋ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ እንዳልሰማ መሰለኝ፣ እንዲህ አለቻት፦

«አንቺ ልጅ፣ ባል የሞተባት ሴት ነኝ። ጧት ተነሥቼ ማሳ ላይ ነጭ ዱቄት ስበትን ሰው ቢያየኝ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? መተት ነው የሚሉኝ። የጎረቤት ላም ብትሞት በእኔ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ቢያስል በእኔ ነው። ቤት መቀባት ግን ማንም የሚያደርገው ነው። አንቺን እንቢ ማለት ደግሞ ከበደኝ፤ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተሽ መጥተሽ።»

ሐና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ ነበርኩ አብሬዎት መበተን የነበረብኝ» አለች። «ጠይቄዎት ቢሆን ኖሮ ሰዉን ሁሉ ሰብስቤ አብረን እንበትነው ነበር።» ያን ቀን እቴቴ ድንች ቀቀለችላት፤ ሁለቱም ሲበሉ ስለ ኖራ አላነሡም። አያ ምናለም በጊዜው መጥቶ አረሰና ገብሱን ዘራ። ነጩ ውኃ የፈሰሰበትንም ያልፈሰሰበትንም አንድ አድርጎ ገለበጠው።

ፍልሰታ ገባ። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ለመቁረብ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ፣ ከእቴቴ ቤት ትይዩ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ጉሙ ተገፈፈና የእኛ ቤት ከነማሳው ቁልጭ ብሎ ታየ። ባለሁበት ቆምኩ። ከደጃፋችን ጀምሮ ወደ ታች፣ ቦዩን ተከትሎ፣ ሰው እርጥብ ጋቢ ያሰጣ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ወርዷል። የቀረው ማሳ እንደ ወትሮው ቢጫ ነው። እኔ ጫግኒ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ገብስ ያየሁት በዚያ መንደር ነው፤ በዚያ መንደር ደግሞ ገብስ ማለት ቢጫ ነው። ስለዚህ አረንጓዴው በሽታ መሰለኝ። ወንዙን እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም።

«እቴቴ! ማሳው ታሟል! አረንጓዴ ወጥቶበታል!»

እቴቴ ወጣች። ቦዩን ይዛ ወረደች፤ ከቅርብ ስታየው ገብሱ ወገቤ ድረስ ደርሷል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው። አንዱን ዘለላ በመዳፏ ይዛ ቆመች። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ወደ ቤቱ ዞረች፣ ግድግዳውን ሽቅብ አየች፣ ቦዩን ቁልቁል አየች። ወደ ጓሮ ሄዳ የዚያን ቢጫ ገብስ አየች። ተመልሳ መጣችና ግንባሬን ሳመችው። በሽታውን ስላገኘሁላት ነው ብዬ ኮራሁ።

ሐና ተጠራች፤ አያ ምናለም ጩኸቴን ሰምቶ መጥቶ ነበር። ሐና ገብሱ መሃል ገብታ እየሳቀች «በግድግዳ በኩልም ቢሆን ደረሰ!» ስትል አያ ምናለ ራሱን ነቀነቀ።

«ኖራ አይደለም» አለ። «ቤት አጠገብ ያለ እህል ሁሉ ያምርበታል። የክዳን ጠፈጠፍ ያጠጣዋል፣ ከደጅ የተጠረገው ይሄድለታል።»

«ጓሮውስ?» አለች እቴቴ።

«ጓሮው ምን?»

«ጓሮውስ ቤት አጠገብ አይደለም? ያው ክዳን ነው፣ ያው ጠፈጠፍ ነው። ያ ግድግዳ ብቻ ነው ኖራ ያልቀባሁት። ሂድና ገብሱን እየው።»

አያ ምናለ ሄዶ አየ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲመለስ «እናያለን» ብቻ አለ። እሱ እናያለን ካለ ከዚያ ወዲያ በበሬም አይጎተትም።

ኅዳር ላይ የቦዩ ዳር ገብስ ለብቻ ታጭዶ ለብቻ ተወቃ፤ ሐና ነች ለብቻ ይሁን ያለችው። ከዚያች ምላስ የምታህል መሬት የወጣው ክምር ከትልቁ ማሳ ክምር ብዙም አላነሰም። መንደርተኛው አውድማው ዙሪያ ቆሞ እፍኝ እፍኝ እያነሣ በጥርሱ ሞከረው። አያ ምናለ ድርሻውን ሰፈረ፣ ፍሬውን በመዳፉ አሽቶ እፍ አለ፣ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። ለከርሞ አርሳለሁም አላለም፣ አላርስምም አላለም።

ጥር ላይ ባለ ደከረንሱ መጣ። ማሳውን ከላይ እስከ ታች በእርምጃ ለካ፤ ችግኙን የት የት እንደሚያቆም በዱላው አሳየን። እቴቴ «ከልደታ በኋላ መልሴን እሰጥሃለሁ» አለችው። እኔ ያኔ ጫግኒ የሚለው ቃል ማንጎ ማንጎ አይሸተኝም ነበር። አገውኛውም ትንሽ ትንሽ ገብቶኝ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ድንችና ስለ ፈረስ እንደሚያወሩ አውቄአለሁ። እቴቴ ቤት መቅረት ፈለግሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለ ደከረንሱን ሳይ ግን ምላሴን አወጣሁበት።

ሚያዝያ መጣ። አሁን ኖራ የሚፈልገው ሰው በዛ፤ ኖራው ግን የለም። ሐና ስትመጣ ከሩቅ እጇን እያወዛወዘች ነው፤ የኖራው መኪና ዛሬም አልመጣም ማለቷ ነው። የሌላው ማሳ ሁሉ መታረስ ጀመረ። ያኛው ጥቁር፣ ይኼኛው ቀይ ሆኖ ተገለበጠ። የእኛ ብቻ ከነገለባው ተኝቷል። አያ ምናለ በሬዎቹን እየነዳ በደጃችን ያልፋል፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያልፋል። እቴቴ ሰላምታውን በጥሩ ድምፅ ትመልስና ሲርቅ በሩን ዘግታ ትቀመጣለች።

የልደታ ዋዜማ ጠላው ተጠምቋል፣ ለንፍሮው እህል ተዘፍዝፏል። እቴቴ ከመደቡ ተነሥታ ማጭድ ይዛ ወጣች። ከክዳኑ ሥር የቀረውን ወፍራም ኖራ በማጭዱ ጫፍ መፋቅ ጀመረች። የምታብድ መስሎኝ ቀሚሷን ያዝኩ።

«እቴቴ፣ ነገ እኮ ሰው ይመጣል!»

«ይምጣ። አንቺ ቁናውን አምጪና ከሥር ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። ነጩ ቅርፊት እየተሰነጠቀ ቁናው ውስጥ ይወድቃል፤ የቀረው ግድግዳ ዓይኑ የጠፋ ይመስላል። ያንን ቤት ምን ያህል እንደምትወደው ስለማውቅ እኔ እያለቀስኩ ነው የምይዝላት። ቁናው ሲሞላ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ማሳው መሃል ገብታ በእጇ በተነችው። መንገድ ላይ ያሉ ሴቶች ቆመው አይዋት። እሷም ቀና ብላ አየቻቸውና ሁለተኛውን ቁና ልትሞላ ተመለሰች። ከላይ ያለው ሲቀራት በርጩማ ላይ ወጣች፤ አሁንም አልደረሰችበትም።

አያ ምናለ በዚያ ሰዓት ነው በሬዎቹን እየነዳ የመጣው። እንደ ወትሮው አላለፈም። አጥሩ ሥር ቆሞ ግድግዳውን፣ ቁናውን፣ ማሳውን አየ።

«ኖራው መጣ እንዴ?» አለ።

«አልመጣም» አለች እቴቴ ሳትዞር። «ያለኝ ይኼ ነው። ባለ ደከረንሱ እስኪመጣ ድረስ የእኔ መሬት ነውና ያለኝን ላቃምሰው ብዬ ነው።»

«ደከረንስ ምን ያደርግልሻል?»

አሁን ዞረች። «የሚያርስልኝ ሰው ሳይኖረኝ ምን ላድርገው ነው የምትለኝ?»

አያ ምናለ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ ኖራው የሚመጣበት መጋዘን በር ላይ ነው ሚያዝያን የጨረስኩት፣ እታለማሁ። ሐናን ጠይቂያት። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያሉኝ። ያለ ኖራ አርሼ ዘንድሮም ቢጫ ላበቅልልሽ አልፈለግሁም። ኖራውን ይዤ ልመጣ ነበር።»

እቴቴ በርጩማው ላይ እንደቆመች ቀረች። እሱ አጥሩን ከፍቶ ገባ፣ እጇን ይዞ አወረዳት፣ ማጭዱን ተቀብሏት ራሱ በርጩማው ላይ ወጣ። ከፍተኛው ቦታ ላይ ያለውን ወፍራሙን ኖራ ሲፍቀው ባርኔጣ የሌለው ጭንቅላቱ ነጭ ሆነ።

«ነገ ማኅበርተኛው ይህን የተላጠ ቤት አይቶ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አለችው።

«መሬቱን አለበስነው በያቸው።»

ባሏ የተቀበረ ቀን ብቻ በሰው ፊት ያለቀሰችው እቴቴ አለቀሰች። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ መፋቁን ቀጠለ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ በሬዎቹ ተመለከተች።

«ቀንበሩን ይዘህ መጥተሃል?»

«ይዣለሁ» አለ አያ ምናለ። «አምና ኖራ ያልደረሰውን ጓሮ ነው መጀመሪያ የምናርሰው።»